ሩቁን ማቅረብ፦ የረጅም ዙም ካሜራ ታሪክና የበቆጂ ምርጫ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ምኞቶች ነበሩት። አንደኛው ዓይኑ ከሚደርስበት አልፎ ሩቁን ማየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ያየውን ከመጥፋት አድኖ ማቆየት ነው። የመነጽር ጥበብ የመጀመሪያውን፣ የፎቶግራፍ ጥበብ ደግሞ ሁለተኛውን ምኞት አሟላለት። ሁለቱን ጥበቦች በአንድ ዕቃ አጣምሮ፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይና ያሳየውንም የሚያስቀር መሣሪያ ለተራው ሰው እስኪቀርብ ድረስ ግን፣ ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ ከሆነበት ከ1839 ጀምሮ 160 ዓመት ያህል መጠበቅ አስፈልጓል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። ይህ መሣሪያ ባለ ረጅም ዙም ዲጂታል ካሜራ ተብሎ የሚታወቀው ነው።

ይህን ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ምን አይቶ ይምረጥ? ጥያቄው በየአገሩ የሚነሣ ቢሆንም በበቆጂ ሲነሣ የተለየ ክብደት ያገኛል። በቆጂ ከአሰላ ወደ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ የጭላሎ፣ የገለማና የካካ ተራሮች የሚታዩባት፣ ዙሪያዋን ገብስና ስንዴ የሚበቅልባት የአርሲ ደጋ ከተማ ናት። ከዚህች ከተማና ከአካባቢዋ ገጠሮች የወጡ ልጆች በዓለም አደባባይ ያስመዘገቡት ድል ግን ከብዙ ታላላቅ አገሮች ድል ጋር የሚወዳደር ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና፣ በ2000 ደግሞ በሲድኒ በ10,000 ሜትር፤ ፋጡማ ሮባ በ1996 በአትላንታ በማራቶን፤ ቀነኒሳ በቀለ በ2004 በአቴንስ በ10,000 ሜትር፣ በ2008 በቤጂንግ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር፤ ጥሩነሽ ዲባባም በቤጂንግ በእነዚሁ በሁለቱ ርቀቶች፣ በ2012 ደግሞ በለንደን በ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ አጥልቀዋል። ከእነዚህ ሯጮች አያሌዎቹን በመጀመሪያ ያሠለጠኑት የአካል ማጎልመሻ መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ሲሆኑ፣ ስማቸው ከከተማዋ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል።

የእነዚህ ድሎች ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ታትሟል። ደራርቱ በባርሴሎና ካሸነፈች በኋላ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ሜዳውን ስትዞር የሚያሳየው ሥዕል ከስፖርት ውድድርነቱ አልፎ የዘመን ምልክት ሆኗል። የድሉ ሥዕል የበዛውን ያህል ግን የጅማሬው ሥዕል አልበዛም። ልጆቹ በንጋት ብርድ ሲሰበሰቡ፣ በባሕር ዛፍ መካከል ተሰልፈው ሲሮጡ፣ በቀበሌና በወረዳ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሸንፉ ወይም ሲሸነፉ የሚያሳዩ ሥዕሎች ጥቂቶች ናቸው። ስለ ከተማዋ በሰፊው የታወቀውን «የሯጮች ከተማ» የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልም በ2012 ለዕይታ ያበቃው ጄሪ ሮዝዌልም ከውጭ አገር የመጣ ባለሙያ ነው። ስለዚህ አንድ የበቆጂ መምህር፣ የወረዳ ኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ወይም የፎቶ ቤት ባለቤት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ የመጀመሪያውን ባለ ረጅም ዙም ካሜራ ለመግዛት ሲነሣ፣ በምርጫው የሚወሰነው የገዛ ገንዘቡ ዕጣ ብቻ አይሆንም። የአንድ ትውልድ ጅማሬ ተመዝግቦ መቅረቱ ወይም ሳይመዘገብ ማለፉም በዚያው ይወሰናል። ምርጫው እንዲቃና ደግሞ የሌንሱን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ መመልከት ይጠቅማል፤ ዛሬ ገዢውን የሚያሳስቱት ነገሮች ቀደምት ባለሙያዎች በብዙ ድካም የተማሯቸው ናቸውና።

ከጠመንጃ አፈ ሙዝ ወደ ሌንስ

በኢትዮጵያ ምድር ከተነሡት ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የመሐንዲስ ክፍል ያነሣቸው ይገኙባቸዋል። በዚያን ዘመን ፎቶግራፍ አንሺው የመስታወቱን ሰሌዳ መድኃኒት ቀብቶ ሳይደርቅ ማንሣትና ሳይደርቅ ማጠብ ስለነበረበት፣ ጨለማ ክፍሉን እንደ ጓዝ ተሸክሞ ይዞር ነበር። የሚነሣውም ነገር ለሴኮንዶች ሳይንቀሳቀስ መቆም ይገባው ነበር። ስለዚህ ተራራው፣ ምሽጉና የተሰለፈው ወታደር ተነሣ፤ የሚሮጠው ግን አልተነሣም። በኋላም በአፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሲሆን፣ ከእርሱም ቀጥሎ ልጆቹ ሙያውን ሲወርሱ፣ የኢትዮጵያ ፎቶግራፍ በአመዛኙ የቅርብ ሰው፣ የተቀመጠ ሰው፣ የክብር ልብስ የለበሰ ሰው ፎቶግራፍ ሆኖ ቆየ። ሩቅ የሆነው፣ የሚሸሸውና የሚፈጥነው ከካሜራው ውጭ ቀረ።

ሩቅ የሆነውን ለማቅረብ በዚያን ጊዜ የታወቀው መሣሪያ ጠመንጃ ነበር። ለዚህ የአርሲ ተራሮች ራሳቸው ምስክር ናቸው። የደጋ አጋዘንን የአገሬው ሰው ከጥንት ጀምሮ ቢያውቀውም ለሳይንስ ዓለም የታወቀው እንግሊዛዊው ሻለቃ አይቨር ባክስተን በ1908 ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት የአርሲ ተራሮች አድኖ በወሰደው ናሙና አማካይነት ነው። የእንስሳት ጥናት ሊቁ ሪቻርድ ሊዴከር በ1910 ገለጻውን አወጣ፤ ሳይንሳዊ ስሙም እስከ ዛሬ የአዳኙን ስም እንደ ያዘ አለ። በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖረው ይህ እንስሳ ለሊቃውንት የቀረበው ሞቶ፣ ቆዳውና ቀንዱ ተጭኖ ነበር። ዛሬ የደጋ አጋዘን በዓለም አቀፍ መዝገብ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው እንስሳት መካከል ተመድቦ ስለሚገኝ፣ ሳይገድሉ የማቅረብ ጥበብ ለአርሲ ተራሮች የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በእነዚሁ ተራሮች ላይ በጥቂት ቁጥር የሚኖረው ቀይ ቀበሮም ከዚሁ ጋር የሚታሰብ ነው።

ሳይገድሉ የማቅረቡ ጥበብ ባክስተን ወደ አርሲ ከመምጣቱ በፊት ተጀምሮ ነበር። በ1891 በእንግሊዝ ቶማስ ዳልማየር፣ በጀርመን ደግሞ አዶልፍ ሚተና ሽታይንሃይል እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ቴሌፎቶ የሚባለውን ሌንስ አወጡ። ከዚያ በፊት ሩቁን አጉልቶ ለማንሣት የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በረዘመ ቁጥር ካሜራውም አብሮ መርዘም ነበረበት። ቴሌፎቶው ግን ከፊት ብርሃን ሰብሳቢ፣ ከኋላ ደግሞ ብርሃን በታኝ መስታወት በመደርደር ረጅሙን ሥራ በአጭር ቱቦ አስፈጸመው። ይሁን እንጂ ዋጋ አስከፈለ። ምስሉ ሲጎላ ብርሃኑ ደከመ፤ ብርሃኑ ሲደክም ሰሌዳው ለረጅም ጊዜ መከፈት ነበረበት፤ ይህ ሲሆን ደግሞ የእጅ መንቀጥቀጥም ሆነ የእንስሳው መንቀሳቀስ ምስሉን አደበዘዘው። እንግዲህ በረጅም ሌንስ ታሪክ ውስጥ ርቀትን ማሸነፍ ቀላሉ ክፍል ሆኖ ሲገኝ፣ ከብርሃንና ከጊዜ ጋር የሚደረገው ትግል ግን እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ሯጭና ብርሃን

ይህን ትግል ከማንም በላይ የሚያውቀው የስፖርት ፎቶግራፍ አንሺ ነው። የጀርመኑ የዛይስ ኩባንያ ለ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ ያዘጋጀው፣ በኋላም «ኦሊምፒያ ዞናር» ተብሎ የተጠራው ሌንስ የትኩረት ርዝመቱ 180 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ከዚያ የሚረዝሙ ሌንሶች በጊዜው ነበሩ። ኩባንያው የደከመበት ግን የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ ሰፊ እንዲሆን፣ በሙያው አነጋገር ኤፍ 2.8 እንዲደርስ ነው። እዚህ ላይ ከኤፍ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን ቀዳዳው ሰፊ፣ የሚገባውም ብርሃን ብዙ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። የበርሊኑ ሌንስ ሠሪዎች ለሯጭ የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ብርሃን መሆኑን ተረድተው ነበር።

ከ24 ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ባዶ እግሩን ሮጦ የማራቶን ወርቅ ሲያገኝ፣ ሩጫው የተፈጸመው ከመሸ በኋላ ነበር። በመንገዱ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል፤ አበበም በኮንስታንቲን ቅስት አጠገብ ክሩን የበጠሰው በሌሊት ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሌንስ ርዝመት ብቻውን ምንም አይረዳም። አፍሪካን በኦሊምፒክ ታሪክ ውስጥ ያስነሣው ይህ ታላቅ ሰዓት የተቀረጸው ሰው ሠራሽ ብርሃን ባለበትና ካሜራው በቀረበበት ስፍራ ብቻ ነበር።

የትኩረት ርዝመቱን እያሳጠረና እያስረዘመ በአንድ ሌንስ ብዙ ሌንሶችን የሚተካው ዙም ለ35 ሚሊ ሜትር ፎቶግራፍ ካሜራ የቀረበው ከሮም ኦሊምፒክ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1959 ነው። በፍራንክ ባክ የተነደፈውና «ዙማር» የተባለው ይህ ሌንስ ከ36 እስከ 82 ሚሊ ሜትር ይደርስ ነበር። መጀመሪያውና መጨረሻው ሲካፈል ሁለት ጊዜ ተኩል እንኳ አይሞላም። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት ረጃጅም ዙሞች ቢወጡም ክብደታቸውና ዋጋቸው ከትላልቅ ጋዜጦችና ከዜና ድርጅቶች በቀር ለማንም የሚቀመሱ አልነበሩም። በክፍለ ሀገር ከተማ የሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ አብዛኛውን ጊዜ የነበረው አንድ ካሜራና አንድ ሌንስ ነው። አንዱ ጥቅልል ፊልም ቢበዛ 36 ምስል ይይዛል፤ ያነሣው ፊልም እስኪታጠብ ድረስም የተሳካለት መሆኑን አያውቅም። በእንዲህ ያለ አሠራር የሚሮጥ ልጅ ፎቶግራፍ ማንሣት ፊልም እንደ ማባከን ይቆጠር ስለነበር፣ ኑሮውን ያሸነፈው በጉርድ ፎቶግራፍና በሠርግ ነው።

ትንሹ ሰሌዳ ያመጣው ለውጥ

ለውጡ የመጣው ፊልሙ በኤሌክትሮኒክ ብርሃን ተቀባይ፣ ማለትም በሴንሰር ሲተካ ነው። ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በ1969 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የዚህን ሰሌዳ መሠረት ጣሉ፤ ለዚሁ ሥራቸውም በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። በ1975 የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 10,000 ነጥብ ብቻ ያለውን ጥቁርና ነጭ ምስል በቴፕ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ የሚፈጅ ነበር። በ1991 ይኸው ኩባንያ በኒኮን ካሜራ አካል ላይ የተሠራ፣ 1.3 ሚሊዮን ነጥብ ያለው የባለሙያ ዲጂታል ካሜራ ለገበያ አቀረበ፤ ዋጋው ግን ለግለሰብ የማይታሰብ ነበር።

ባለ ረጅም ዙም ዲጂታል ካሜራ ወደ ተራው ገዢ የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው። የሶኒ ኩባንያ በ1997 ያወጣው ማቪካ ኤፍዲ 7 አሥር ጊዜ የሚያጎላ ዙም ነበረው፤ ምስሉንም በፍሎፒ ዲስክ ላይ ያስቀምጥ ነበር። በ2000፣ ማለትም ደራርቱ በሲድኒ ሁለተኛውን ወርቅ ባገኘችበት ዓመት፣ ኦሊምፐስ ሲ 2100 የተባለው ካሜራ አሥር ጊዜ የሚያጎላ ዙምን የእጅ መንቀጥቀጥን ከሚያረጋጋ መሣሪያ ጋር አጣምሮ ቀረበ። በ2002 የወጣው የፓናሶኒክ ኤፍዜድ 1 ደግሞ ዙሙን ወደ 12 ጊዜ ሲያደርስ፣ ከአጭሩ ጫፍ እስከ ረጅሙ የብርሃን መግቢያው ኤፍ 2.8 ሆኖ እንዲቆይ አደረገ። ከዚህ በኋላ በኩባንያዎች መካከል የቁጥር ሽቅድምድም ተነሣ። ካኖን በ2012 በኤስኤክስ 50 ወደ 50 ጊዜ፣ ኒኮን በ2015 በፒ 900 ወደ 83 ጊዜ፣ በ2018 ደግሞ በፒ 1000 ወደ 125 ጊዜ ደረሱ።

ይህ ሁሉ እንዴት ሊሆን ቻለ ቢባል ምሥጢሩ በሴንሰሩ ትንሽነት ላይ ነው። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ምስል 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በእነዚህ ካሜራዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በስፋት ከፊልሙ ምስል 30 ጊዜ ያህል ያንሳል። ሰሌዳው ሲያንስ አጭር ሌንስ እንደ ረጅም ሌንስ ይሠራል። የፒ 900 ካሜራ በረጅሙ ጫፍ ላይ ያለው እውነተኛ የትኩረት ርዝመት 357 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በፊልም ካሜራ ላይ ቢሆን የ2,000 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚሰጠውን እይታ ይሰጣል። በቀድሞው ዘመን ለማቆም ረዳት ሠራተኛ ያሻው የነበረው ሌንስ ከአንድ ኪሎ ግራም ባነሰ ዕቃ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ነገር ግን የ1891 ሕግ አልተሻረም። ትንሽ ሰሌዳ የሚሰበስበው ብርሃን ትንሽ ነው፤ የፒ 900 የብርሃን መግቢያም በአጭሩ ጫፍ ኤፍ 2.8 የነበረው በረጅሙ ጫፍ ወደ ኤፍ 6.5 ይጠብባል። ሒሳቡ ሲሠራ በረጅሙ ጫፍ የሚገባው ብርሃን በአጭሩ ጫፍ ከሚገባው ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የቃላት ወጥመዶችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው «ይህን ያህል ጊዜ» የሚለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚናገረው የሌንሱ ረጅም ጫፍ ከራሱ አጭር ጫፍ ጋር ሲነጻጸር ስንት እጥፍ እንደ ሆነ እንጂ ከሰው ዓይን ጋር ሲነጻጸር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ አይደለም። ከ25 ሚሊ ሜትር ተነሥቶ 24 ጊዜ የሚያጎላ ካሜራ 600 ሚሊ ሜትር ላይ ሲያበቃ፣ ከ24 ተነሥቶ 50 ጊዜ የሚያጎላው 1,200 ላይ ያበቃል። ስለዚህ ገዢው መጠየቅ ያለበት በፊልም ካሜራ ልክ የተሰላውን የመጨረሻውን ሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ዲጂታል ዙም የሚባለው ነው። እርሱ በሌንስ የሚደረግ ማቅረብ ሳይሆን፣ ከተነሣው ምስል መካከሉን ቆርጦ መለጠጥ ነው። ከዚያ የሚገኘውን ውጤት ማንም ሰው ቆይቶ በኮምፒዩተር ላይ ሊያደርገው ስለሚችል በካሜራው ሣጥን ላይ በትልቁ ተጽፎ ቢታይ እንደ ዋጋ ሊቆጠር አይገባም።

የበቆጂ ሜዳ ሒሳብ

እንግዲህ ይህ ሁሉ ወደ በቆጂ ሜዳ ሲመጣ ምን ይሆናል? መለኪያው በተጨባጭ ሊሠራ ይችላል። ደረጃውን የጠበቀ የ400 ሜትር የመሮጫ ሜዳ ሁለቱ ቀጥታ መስመሮች በ73 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በአንዱ ወገን የቆመ ፎቶግራፍ አንሺ በሌላው ወገን የሚሮጠውን ልጅ ሲያነሣ ርቀቱ 80 ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ርቀት 600 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ካሜራ የሚያሳየው ስፋት ወርዱ ከ4 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ከ3 ሜትር ተኩል ብዙም አይርቅም። ሯጩ ከራሱ እስከ እግሩ ከነአካባቢው ሊታይ፣ አጠገቡ የሚሮጠውም ሊገባ ይችላል ማለት ነው። በዚሁ ርቀት 2,000 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ካሜራ እስከ መጨረሻው ቢዘረጋ የሚያሳየው ወርድ አንድ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ የሯጩ ደረት ሲገባ እግሩ ይቀራል። ስለሆነም ለሜዳ ሩጫ 600 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ለሌላ ሥራ የሚከፈል ዋጋ ነው።

ያ ሌላ ሥራ ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በተራራው ላይ በ300 ሜትር ርቀት የቆመ የደጋ አጋዘን በ600 ሚሊ ሜትር ሲታይ ምስሉ 17 ሜትር ያህል ወርድ ስላለው እንስሳው ትንሽ ሆኖ ይቀራል። በ2,000 ሚሊ ሜትር ግን ወርዱ ወደ 5 ሜትር ይጠባል፤ ቀንዱና በቆዳው ላይ ያሉት መስመሮች ይለያሉ። የቆመ እንስሳ በጥሩ የቀን ብርሃን ጠባቡን ቀዳዳ ይታገሣል። በካካ ወይም በገለማ ተራራ ላይ ለሚሠራ የዱር እንስሳት ባለሙያ እንግዲህ ረጅሙ ቁጥር ተገቢ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ፀሐይ ከበረታች በኋላ ከመሬት የሚነሣው የሙቀት ትነት የሩቁን ምስል እንደ ውኃ ስለሚያንቀጠቅጠው፣ ለረጅሙ ጫፍ የሚመቸው ሰዓት ማለዳና ከሰዓት በኋላ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። በዚህም መንገድ ጉዳዩ ተመልሶ ወደ ብርሃን ይመጣል።

የበቆጂ ልጆች የሚሠለጥኑት ጎሕ ሲቀድ ነው። ብርሃኑ ደካማ ነው፤ በባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ የባሰ ይደክማል። በክረምት ጉሙ ይጨመርበታል። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 በብራስልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሴኮንድ ሲፈጽም በአማካይ በሴኮንድ 6.3 ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር። እንዲህ ያለውን ፍጥነት ያለው ሯጭ ካሜራው ለ1/1000 ሴኮንድ ብቻ ቢከፈት ሰውነቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ምስሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ለ1/200 ሴኮንድ ቢከፈት ግን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ከሰውነቱ የሚፈጥኑት እጆቹና እግሮቹ ከዚህም በላይ ይደበዝዛሉ። በኤፍ 2.8 1/1000 ሴኮንድ የሚፈቅድ የንጋት ብርሃን በኤፍ 6.5 የሚፈቅደው 1/200 ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን ሲያስቡት፣ ከኤፍ ቀጥሎ የሚጻፈው ትንሽ ቁጥር በሣጥኑ ላይ ከሚጻፈው ከትልቁ ቁጥር ይልቅ የልጁን ፊት እንደሚያድን ግልጽ ይሆናል።

የሰሌዳውን ስሜት፣ ማለትም አይኤስኦ የሚባለውን ከፍ በማድረግ ጉድለቱን መሸፈን ይቻላል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሆኖም በትንሽ ሴንሰር ላይ ስሜቱ በጣም ከፍ ሲል ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት መስሎ ይወጣል። የማረጋጊያ መሣሪያውም ቢሆን የሚያረጋጋው የአንሺውን እጅ ነው፤ ሯጩን አያቆመውም። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ገዢ በሱቅ ውስጥ በመደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ አንሥቶ ሲሞክር ተደስቶ ይገዛል፤ በሜዳ ላይ ግን ይቆጫል።

ከዚህ በመነሣት ለንጋት ሩጫ የሚቀርቡት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ትንሽ ሴንሰር ቢኖረውም የብርሃን መግቢያው እስከ መጨረሻው ሰፊ ሆኖ የሚቆይ ካሜራ ነው። በ2012 የወጣው የፓናሶኒክ ኤፍዜድ 200 ከ25 እስከ 600 ሚሊ ሜትር በኤፍ 2.8 ይዘልቃል፤ በ2015 የተከተለው ኤፍዜድ 300 ያንኑ ሌንስ ይዞ አቧራንና የውኃ ፍንጣቂን የሚከላከል አካል ጨምሯል። ሁለተኛው መንገድ ሴንሰሩን ማስፋት ነው። በ2016 የወጣው የሶኒ አርኤክስ 10 ሦስተኛ ስሪት እንዲሁ እስከ 600 ሚሊ ሜትር ሲደርስ በረጅሙ ጫፍ ኤፍ 4 ነው፤ ሴንሰሩ ግን ከተለመደው ትንሽ ሴንሰር አራት እጥፍ ስለሚሰፋ በድምሩ የሚሰበስበው ብርሃን ይበልጣል። ክብደቱም ዋጋውም አብሮ ስለሚጨምር የመጀመሪያው መንገድ ለአንድ መምህር፣ ሁለተኛው ለክለብ ወይም ለመሥሪያ ቤት ይስማማል ማለት ይቻላል።

የገዢው ሌሎች ጥንቃቄዎች

ከሌንሱ ቀጥሎ የሚታየው የዓይን መመልከቻው ነው። በደጋ ፀሐይ ላይ ከካሜራው ጀርባ ያለው ስክሪን ስለማይታይ፣ ካሜራውንም ከፊት አርቆ መያዝ መንቀጥቀጥን ስለሚያበዛ፣ ዓይን የሚጠጋበት መመልከቻ የሌለው ባለ ረጅም ዙም ካሜራ ለሜዳ ሥራ አይመረጥም። ካሜራውን ግንባር ላይ አስደግፎ፣ ክንድን ከጎን ጋር አጣብቆ፣ ከተገኘም በአጥር እንጨት ወይም በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አሳርፎ ማንሣት ከብዙ ገንዘብ የሚበልጥ ጥቅም አለው።

ባትሪም ሌላው ጉዳይ ነው። ከቀደሙት ካሜራዎች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በ2005 የወጣው ካኖን ኤስ 2፣ በየሱቁ በሚገኙ አራት ትናንሽ ባትሪ ድንጋዮች ይሠሩ ነበር። አዳዲሶቹ የየራሳቸው ልዩ ባትሪ ስላላቸው መብራት በሚጠፋበት ከተማ ሁለተኛ ባትሪ ከካሜራው ጋር አብሮ መግዛት የግድ ነው። በንጋት ብርድ የባትሪ ኃይል ስለሚቀንስ መለዋወጫውን ከልብስ ሥር ባለ ኪስ መያዝ ይበጃል። በበጋ ደግሞ የመንገድ አቧራ አለ፤ ዙሙ በተዘረጋና በተሰበሰበ ቁጥር አየር ስለሚስብ፣ አቧራ ባለበት ስፍራ ሌንሱን ያለ ምክንያት ማመላለስ አይገባም።

ዛሬ የዚህ ዓይነት ካሜራ ገበያ እንደ ቀድሞው አይደለም። በ2010 የጃፓን ማኅበር አባላት የሆኑ አምራቾች ወደ ዓለም ገበያ ያወጧቸው ዲጂታል ካሜራዎች ከ120 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ በ2020 ግን ከ9 ሚሊዮን በታች ወርደዋል። ተንቀሳቃሽ ስልክ የካሜራውን ሥራ ወስዶታል። ስልኩ ሊወስደው ያልቻለው ነገር ቢኖር በ80 ሜትር ርቀት የሚሮጠውን ልጅ በንጋት ብርሃን ጥርት አድርጎ ማንሣትን ነው። ይህ ሁኔታ ለበቆጂ ገዢ በአንድ በኩል ይጠቅመዋል፤ ያገለገሉ መልካም ካሜራዎች በቅናሽ ይገኛሉና። በሌላ በኩል ጥንቃቄ ይጠይቃል። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ዙሙን ከዳር እስከ ዳር እያመላለሰ ድምፁን ማዳመጥ፣ በነጭ ግድግዳ ላይ አንሥቶ ጥቁር ነጠብጣብ መኖር አለመኖሩን መመርመር፣ በረጅሙ ጫፍ በደጅ የሚንቀሳቀስ ነገር አንሥቶ ምስሉን አጉልቶ ማየት፣ ባትሪውም አሁንም በገበያ የሚገኝ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

በመጨረሻም የተነሣው ምስል የት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ከምርጫው ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። የፊልም ኔጋቲቭ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ብዙ አሥርተ ዓመታት ይቆይ ነበር። የዲጂታል ምስል ግን ሚሞሪ ካርዱ ሲበላሽ ወይም ስልኩ ሲጠፋ በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ካሜራ የሚገዛ ትምህርት ቤት ወይም ክለብ ከገንዘቡ ጥቂቱን ለማስቀመጫ ሃርድ ዲስክ መድቦ፣ ምስሎቹን በሁለት ስፍራ ቢያኖር፣ በየዓመቱም የተመረጡትን በወረቀት አሳትሞ ከስም፣ ከቀንና ከስፍራ ጋር ቢያስቀምጥ ሥራው ሙሉ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የረጅም ሌንስ ታሪክ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የሌንሱ ርዝመት ሲያድግ፣ ክብደቱ ሲቀል፣ ዋጋው ሲወርድ ታይቷል። ሳይለወጥ የቆየው የብርሃን ሕግ ነው። የበርሊን ሌንስ ሠሪዎች የታገሉት፣ በሮም ሌሊት ፎቶግራፍ አንሺዎችን የፈተነውና ዛሬ የበቆጂን ገዢ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ባለ ረጅም ዙም ካሜራ የሚመርጥ ሰው «ስንት ጊዜ ያቀርባል?» ከማለቱ በፊት «የማነሣው በስንት ሰዓት ነው? የሚነሣውስ የቆመ ነው ወይስ የሚሮጥ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ለተራራው እንስሳ ረጅሙን፣ ለንጋቱ ሯጭ ብርሃናማውን ይምረጥ።

ከበቆጂ ጫካ ዛሬ በንጋት ከሚሮጡት ልጆች መካከል ነገ ስሙ በዓለም የሚጠራው የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ድል ሲመጣ ፎቶግራፍ አንሺው ከየአገሩ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚጎድል ሥዕል አይኖርም። ማንም ሳያውቃቸው በሚሮጡበት በዚህ ዘመን ግን ሊያነሣቸው የሚችለው በቅርብ ያለው መምህራቸውና የከተማቸው ባለሙያ ብቻ ነው።